ከትምህርታቸው ተለይተው በአባታቸው ቤት ስለ ሰነበቱ ተማሪዎች

ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተሠራ ነውና ሕመሙም በሁለት ወገን ነው። የሥጋው ሕመም በትኩሳቱ፣ በሳሉና በቍስሉ ይታወቃል፤ የኅሊናው ሕመም ግን ባለቤቱ ካልተናገረው፣ ወይም የቅርብ ሰው አስተውሎ ካልጠየቀው በቀር ተሸሽጎ ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የሚባለው ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የጤና ሚኒስቴር ስንት ሰው እንደ ተመረመረ፣ ስንቱ እንደ ተያዘ፣ ስንቱ እንደ ዳነና ስንቱ እንደ ሞተ በየቀኑ ቈጥሮ ለሕዝብ ያስታውቅ ነበር፤ ይህም የሚመሰገን ሥራ ነው። ዳሩ ግን በዚያው ወራት በየገጠሩ በአባቱ ቤት ሆኖ እንቅልፍ ያጣውን፣ እህል አልወርድለት ያለውን፣ ከሰው መነጋገር የተወውን ተማሪ የቈጠረ አልነበረም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስላልተቈጠረው ተማሪ ነው።

ያለፈውን ነገር አሁን ማንሣት ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ግን ዛሬ አስተማሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም ትምህርታቸውን እንደ ጀመሩት ትተው ቀርተዋል። ይልቁንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በምዕራብ ጐጃም የብዙ ትምህርት ቤት ደጃፍ ተዘግቶ ስለ ሰነበተ፣ ትምህርት በተቋረጠ ጊዜ የልጅ ልብ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ለሁላችንም የቤታችን ጉዳይ ሆኗል።

የነገሩ አካሄድ እንደሚከተለው ነበር። በሽታው በኢትዮጵያ መገኘቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጀመሪያ በግቢያቸው እንዲቈዩ ተደርገው ነበር፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ ግን እነርሱም ወደየአገራቸው እንዲሄዱ ተወሰነ፤ ብዙዎቹም ግቢዎች ለለይቶ ማቆያ ተዘጋጁ። በመጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለ14 ቀን መውጫ መግቢያቸው ተከለከለ። ጥሊሊ የቡሬ ጎረቤት ናትና የቡሬ ሰው በሽታው ከደጁ የደረሰ መሰለው። መጋቢት 30 ቀን በአገሩ ሁሉ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውንም የትንሣኤ በዓል ምእመናን በየቤታቸው እንዲያከብሩ ተመከሩ፤ ይህን የመሰለ ፋሲካ ሽማግሌዎች እንኳ አይተን አናውቅም ይሉ ነበር።

አባቶቻችን የኅዳር በሽታ ብለው የሚጠሩት፣ በ1911 ዓ.ም. የመጣው ወረርሽኝ፣ በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10,000 የሚገመት ሰው ፈጅቶ እንደ ሄደ ይታወቃል። መታሰቢያውም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠልና ከተማው በጢስ ሲታጠን እስከ ዛሬ ይታያል። በዚያ ዘመን ግን በአገራችን ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ስለዚህ የተማሪው ነገር ለእኛ ዘመን የመጣ አዲስ ጥያቄ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ያስተውለዋል። የቅኔ ተማሪ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራም ወደ ደብረ ኤልያስ ሲሄድ አኩፋዳውንና ደበሎውን ይዞ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ያለው በመምህሩ አፍ ላይ ነው። መምህሩ ቢሞት ወይም በመንደሩ በሽታ ቢገባ ወደ ሌላው መምህር ይሻገራል፤ በስንት ዓመት ትጨርሳለህ ብሎ የሚይዘው የለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኑሮ ግን ሁሉ በቀን የተቈጠረ ነው። የመኝታው ቍጥር፣ የመታወቂያው ቍጥር፣ የፈተናው ቀን፣ የምረቃው ቀን፣ ወላጆቹም ለምረቃው የሚያርዱት በግ ሳይቀር አስቀድሞ ታስቦ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን በተቈለፈበት ጊዜ ልጁ ራሱን የሚያውቅበትን ምልክት አጥቶ ይቀራል።

አንድ የማውቀውን ልናገር። የታናሽ እኅቴ ቤት ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአውራ ጎዳናው ተገንጥሎ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። (ማንኩሳ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ስለ ሆነች አንባቢ ሁሉ ሳያያት ያውቃታል።) የእኅቴ ልጅ በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ግቢውን ሲለቅ ጓደኞቹ «ሁለት ሳምንት ነው» ሲሉ ሰምቶ መጻሕፍቱንና ብርድ ልብሱን በመኝታ ቤቱ ቈልፎ አንዲት ቦርሳ ብቻ አንጠልጥሎ መጣ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ በዚያ ሳምንት በመኪና መናኸሪያዋ ከየዩኒቨርሲቲው የሚጐርፈውን ወጣት ያየ ሰው የሰላም መንገድ መሆኑን ይጠራጠር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ደስታ ነበሩ። እናቱ ልጇን ከበዓል ውጭ አግኝታዋለችና ጐረሰ አልጐረሰ እያለች ትከተለዋለች። አባቱም ሁለተኛ እጅ አገኘ፤ ልጁ ከበሬዎቹ ኋላ ዋለ፣ የበርበሬ መደብ ኰተኰተ፣ ለበቆሎው ማሳውን አለሰለሰ። ግንቦት ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጎረቤት ሁሉ በመንገድ ባገኘው ቍጥር «ምነው፣ ተባረርህ እንዴ?» ይለው ጀመር፤ ሲቀልድ ነው፤ ልጁ ግን ቀልዱን ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል። በየማታውም ቴሌፎኑን ይዞ መረብ ወደሚይዝበት ጉብታ ይወጣና ስለ ትምህርት መከፈት የተነገረ ነገር እንዳለ ይፈልጋል። አንድ ቀን በመስከረም ይላሉ፣ አንድ ቀን በሚቀጥለው ዓመት ይላሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሐሰት ነው ይላሉ። ቀኖቹን የሚጽፍበት አንድ ደብተር ነበረው፤ በሰኔ ወር መጻፉን ተወ።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ቀኑን ተከናንቦ ይውላል። በሬ ጥመድ ሲሉት ይጠምዳል፤ ግን ትልም ሳይጨርስ ቆሞ ይቀራል። አባቱም አንድ ቀን እንዲህ አለው፤ «ልጄ፣ ምን ጎደለብህ? እህል አለ፤ ላሟ ትታለባለች፤ በሽታውም ወደ እኛ አልመጣ። ምን ሆንሁ ትላለህ?» ልጁም «አባባ፣ እኔም አላወቅሁት» ብሎ መለሰ። አባት ቸር ሰው ነው፤ ነገር ግን ይህን መልስ እንደ ድፍረት ቈጠረውና ሦስት ቀን አኰረፈው።

በመንደሩም «አብሾ ጠጥቶ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ከካህናት አንባቢዎቼ ይህን ቃል የማያውቅ የለም። እኔም በልጅነቴ በነበርሁበት የቅኔ ቤት አንድ ጓደኛችን በክረምት ወር ዝም አለ፤ ቅኔ መቍጠርም መብላትም ተወ። እኛም ትምህርት እንዲገባው ብሎ አብሾ ጠጥቶ ነው ብለን ተረጐምነውና ፈርተነው ከጎጆው ሸሸን። ብቻውን ቀረ። አንድ ቀን ሌሊት ወጥቶ ሄደ፤ ወዴት እንደ ደረሰም አልሰማንም። ዛሬ ሳስበው ያ ልጅ ምንም ነገር እንደ ጠጣ ያየ ከእኛ አንድ ስንኳ አልነበረም። የማናውቀውን ሕመም የምናውቀውን ስም ሰጥተን ዐረፍን።

እኅቴ ከዚያ ጉብታ ላይ ሆና ደወለችልኝ። «ወንድም ዓለም፣ ልጁ ከእጄ እየሄደብኝ ነው። ታመመ እንዳልል ትኩሳት የለው፤ ዳነ እንዳልል ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ይውላል። ግሽ ዓባይ ወስጄ ላስጠምቀው ብል መኪና አይሄድም አሉ። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ለሌላው ሰው ምክር መጻፍ እንጀራዬ ሲሆን ለእኅቴ የመለስሁላት «አይዞሽ፣ ወጣት ነው፤ ያልፍለታል» የሚል ብቻ ነበር። ይህን መልስ ዛሬም ባስታወስሁት ጊዜ አፍራለሁ።

ልጁን የያዘው የነፍስ አባቱ ነው። መምሬ ለሌላ ጉዳይ ወደ ቤቱ መጥተው ሳለ ልጁ ተነሥቶ መስቀል ሳይሳለም ቢቀርባቸው አልተቈጡም፤ ከመደቡ ላይ ከአጠገቡ ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ስለ ጾም ወይም ስለ ኀጢአት ሳይሆን «ልጄ፣ ሌሊት ምን ታስባለህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ቈይቶ «መምሬ፣ ባልነቃ እመርጣለሁ» አላቸው።

በዚህ ቃል ብዙ ሰው ደንግጦ ይገሥጻል፤ ወይም የሰይጣን ነገር ነው ብሎ ያማትባል። መምሬ ግን ያን ሌሊት ልጁን ወስደው በራሳቸው ቤት አሳደሩት፤ ለአባቱም «እስክመለስ ድረስ ገመዱንም ምላጩንም የተባይ መድኃኒቱንም ከቤት አርቅ፤ ልጁንም ብቻውን አትተው» ብለው አስጠነቀቁት። በማግስቱ በእግር እስከ አውራ ጎዳናው፣ ከዚያም በጋሪ ይዘውት ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙም ብዙ ከጠየቀው በኋላ ሕመሙ ስም ያለው፣ ብዙ ሰው የሚይዝ፣ የሚታከምም መሆኑን ነገረው፤ መድኃኒት ሰጥቶ በሁለት ሳምንት እንዲመለስ ቀጠረው። ልጁ በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ከመድኃኒቱ ይልቅ በመጀመሪያ የጠቀመው ያ ቀጠሮ ነው። ከመጋቢት ወዲህ አንድ ሰው «በዚህ ቀን ና» ሲለው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

በጥር ወር 2013 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ፍኖተ ሰላም በሄድሁ ጊዜ መምሬን አግኝቼ ይህን ጥበብ ከየት እንዳመጡት ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ ያመጣለት ተግሣጽ ነው ወይስ እንጎቻ?» አሉኝ። በእውነቱ መጽሐፉን ያነበበ እንደሚያውቀው ነቢዩ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ፤ ዳግመኛም በላ፤ ወደ ኮሬብ ተራራ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። የኢዮብንም ወዳጆች አነሡልኝ፤ ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ደግ ነበሩ፤ የበደሉት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው አሉ።

በዚያው ጉዞ በቡሬ ያነጋገርኋት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ያላሰብሁትን ነገር ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ወንዶቹ የትምህርቱ ቀን መቼ ይደርሳል ብለው ይጨነቃሉ፤ እኔ ግን ቀኑ ሳይደርስ ሽማግሌ እንዳይደርስ ነበር የምጨነቀው» አለችኝ። ለወንዱ ልጅ የተዘጋ ትምህርት ቤት መጠበቂያ ነው፤ ለሴቷ ግን ዘመድ ሁሉ ከዛሬ ነገ ትዳሯን የሚመክርበት ጊዜ ይሆናል። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨቱ፣ ወጥ ቤቱ በእርስዋ ላይ ይወድቃል፤ ለማንበብ የምታገኘው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜም የኩራዙ ጋዝ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶ አባቷ «ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ መለሰ፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን አባቷ ዝም ማለቱን በጓዳ ሆና ሰማች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቧ ያለ ምክንያት ይመታ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሞግዚት እንደሌለው ሕፃን ሌሊት እየባነነች ትነሣ ነበር።

እርስዋ ያመለጠችበት መንገድ ያስደንቃል። በሰፈሯ የነበሩትን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ለፈተና እንዲዘጋጁ ከዋርካ ሥር አራርቃ እያስቀመጠች ጥቂት ጥቂቱን ማስተማር ጀመረች። ወላጆችም እንቍላልና በቆሎ እሸት ያመጡላት ነበር። «መምህርት ብለው ሲጠሩኝ ነው ማንነቴ የተመለሰልኝ» አለችኝ። አባቷም ልጁ በመንደሩ ስትከበር ባየ ጊዜ ሦስተኛውን ሽማግሌ ራሱ አሰናበተ። እንዲህ ያለውን መፍትሔ ያገኘችው በራሷ ብልሃት ነው እንጂ ከዩኒቨርሲቲም ከወረዳም ያመለከታት አልነበረም።

ምሁራን ይህን ነገር አልመረመሩትም ለማለት አይቻልም። በወረርሽኙ መጀመሪያ ወራት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ በኢንተርኔት በተደረገ አንድ ጥናት ከመቶው 46 ያህሉ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት የመንፈስ ድቀት፣ 52ቱ የጭንቀት፣ 28 ያህሉ የውጥረት ምልክት እንደ ነበረባቸው ተገልጿል። በደቡብ ምዕራብ በቤንች ሸኮ ዞን ወደ ቤታቸው በተመለሱ ተማሪዎች ላይ በተደረገው ደግሞ የመንፈስ ድቀት ምልክት የታየበት ከአምስቱ አንዱ ያህል፣ የውጥረቱ ከሦስቱ አንዱ ያህል ነው። ቍጥሩ እንደ አገሩና እንደ አጠያየቁ ይለያያል። እኔ የምለው ግን አንድ ነው፤ በኢንተርኔት ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ የሰጠው ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ነው። ያ በጉብታ ላይ መረብ የሚፈልገው የገበሬ ልጅ በዚያ መቶ ውስጥ ሊቈጠር እንዴት ይችላል? ምልክት መታየትም ሁልጊዜ ሕመም ማለት እንዳልሆነ ሐኪሞች ያስረዳሉ፤ ነገር ግን አብዛኛው የአእምሮ ሕመም ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት እንደሚጀምር ስለሚታወቅ በዚህ ዕድሜ የታየውን ምልክት ቸል ማለት አይገባም።

በዚያ ሰሞን ተማሪዎችን ለማበርታት ሲባል በየቦታው ይነገር የነበረ አንድ ታሪክ አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ቸነፈር ገብቶ የካምብሪጅ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ኒውተን የሚባለው ሊቅ ወደ እናቱ ርስት ተመልሶ ታላላቅ ነገሮችን አሰበ ይባላል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ምክሩ ግን ለጐጃም ገበሬ ልጅ አይሆንም። ኒውተን የራሱ ክፍልና መጻሕፍት ነበሩት፤ የእኅቴ ልጅ መጻሕፍት ግን በተቈለፈ ክፍል ቀርተዋል። ይህን ምሳሌ የሰማ ልጅ «እኔ ምን ሠራሁ?» እያለ በሕመሙ ላይ ኀፍረት ይጨምራል። ከዚህ ይልቅ የጠቀማቸው በሰዓቱ መነሣት፣ ከወንፈል ጋር ወጥቶ መዋል፣ ከጓደኛ ጋር መነጋገር፣ ለታናሽ ወንድም ማስጠናትና የመሰለው ትንሽ ነገር ነው። አረቄ ቤት የዋለውና ገንዘቡን በእግር ኳስ ውርርድ የጨረሰውም ነበረ፤ እርሱም ቢሆን የሚሸሸው ያንኑ ነበር።

እንግዲህ ለሹማምንት የምናገረው ይህ ነው። ልጆቹን ያሳመማቸው በሽታውን መፍራት ብቻ አልነበረም፤ ቀን የሌለው መጠበቅና ጠያቂ ማጣት ነው። መንግሥት በዚያ ጭንቅ ጊዜ ትምህርት የሚከፈትበትን ቀን ማወቅ እንዳልቻለ ግልጥ ነው፤ ይህንንም ማንም አይነቅፍም። ነገር ግን የሚከፈትበትን ቀን ባናውቅ ቀጥለን የምንናገርበትን ቀን መንገር እንችል ነበር። «በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ያወቅነውን ሁሉ፣ ምንም ባናውቅ አለማወቃችንን እንነግራችኋለን» ቢባል ልጁ በየማታው ጉብታ ባልወጣ ነበር። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚመክር ሠራተኛ ይቀመጣል፤ የተማሪውም የቴሌፎን ቍጥር በመዝገብ አለ፤ ነገር ግን በሩ ሲዘጋ ምክሩም በበሩ ውስጥ ተቈለፈ። አንድ መካሪ በቀን ዐሥር ተማሪ ቢጠይቅ በወር ከሁለት መቶ በላይ ይደርሳል። ቀበሌውም የማዳበሪያ ዕዳ ያለበትን ገበሬ ሁሉ በስም ያውቃል፤ ከትምህርት የተመለሰውን ልጅ ግን የሚጽፍበት መዝገብ የለውም። በየቀበሌው የሚመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ይገባሉ፤ ለእጅ መታጠቡ ምክር በገቡበት ደጃፍ «ከትምህርት የተመለሰው ልጅ ይተኛል ወይ? ይበላል ወይ?» ብለው መጠየቅ ሌላ በጀት አይጠይቅም። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የአገሪቱ የአእምሮ ጤና ስልትም ሕክምናው በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ እንዲሰጥ የሚል ነው፤ ሥራው ከወረቀቱ ኋላ ቀርቷል።

ለካህናት አባቶቼ ደግሞ በትሕትና የማሳስበው አለኝ። በምዕራብ ጐጃም ገጠር ሐኪም ከሚደርስበት ይልቅ የነፍስ አባት የሚደርስበት ቤት ይበዛል። ወላጅ ልጁን ወደ ጠበል ሲወስድ መከልከል አይገባም፤ እኔም አልከለክልም። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየተዉ ወደ ጠበል በሄዱ ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚገባ በግልጥ አስተምረው ነበር። ያ ትምህርት ለኅሊና ሕመም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍና እህል ያጣውን ልጅ ሐኪም ይየው፤ ሞትን በአፉ ያነሣውን ግን አንድ ቀን ስንኳ ማሳደር አይገባም። የተማሪዪቱ አባት ዝም ባለ ጊዜም ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጠ ካህን «ልጅቱ ትጨርስ» ቢል ቃሉ ከአባቷ ቃል ይበልጥ ይሰማል።

የእኅቴ ልጅ ተመራቂዎች በተጠሩ ጊዜ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። ግቢው ለሕሙማን ማቆያ ሆኖ ስለ ነበረ መጻሕፍቱን በአንድ መጋዘን ከብዙ ሰው ዕቃ ጋር በጆንያ ተከትተው አገኛቸው፤ ብርድ ልብሱ አልተገኘም። ተመርቆ ዛሬ በመንግሥት ሥራ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ድኗል ብዬ አልጽፍም፤ በሰኔ ወር አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ እንደሚያጣ እርሱ ራሱ ነግሮኛል፤ በዚያን ጊዜም ወደ ሐኪሙ ይሄዳል።

ታናሽ ወንድሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በዚያ ወራት የቴሌፎን መስመር በተገኘ ጊዜ ታላቁ በየቅዳሜው ማታ ይደውልለት ነበር። ስለ ትምህርት አይጠይቀውም፤ መምሬ የጠየቁትን ያንኑ ይጠይቀዋል። ሦስት ቅዳሜ ያህል ታናሹ «ምንም» እያለ ይመልስ ነበር አለኝ። በአራተኛው ቅዳሜ ግን የቴሌፎኑ ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ ነገረው።